«ጫኖ» የተባለው ስም በሰርቨር ላይ የተጓዘበት መንገድ፤ ስለ ኢትዮጵያ ፊደልና ስለ ድረ ገጽ ስክሪፕቶች ብልሽት የቀረበ አጭር የታሪክ ጥናት

መግቢያ

ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተ ሰሜን፣ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፣ በዓባያ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ አጠገብ ጫኖ የሚባል ቆላማ አገር አለ። በሙዝ እርሻው የታወቀ ሲሆን፣ ስሙ በሁለት ፊደል ብቻ የሚጻፍ አጭር ስም ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ መሥሪያ ቤት በድረ ገጹ ባወጣው የስም ዝርዝር ውስጥ የትውልድ ቦታዬን ስመለከት፣ ጫኖ በሚለው ስም ፈንታ ሁለት የጥያቄ ምልክቶች ተደርድረው አገኘሁ። ለሠራተኛው ባመለክት፣ «ምን ላድርግህ ወንድሜ፣ የእኛ ፊደል ለኮምፒዩተር አይስማማም፤ በእንግሊዝኛ ሙላው» የሚል መልስ ሰጠኝ።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ መልስ ነው። ዓላማውም ጥፋቱ በእርግጥ የፊደሉ መሆን አለመሆኑን በታሪክ ለመመርመር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መግለጽ ይገባል። አንባቢ በኮምፒዩተሩ ወይም በስልኩ የሚያየው ድረ ገጽ ብዙውን ጊዜ እንደ መጽሐፍ ገጽ አስቀድሞ ተጽፎ የተቀመጠ አይደለም። የአንባቢው ጥያቄ በደረሰ ጊዜ፣ ሰርቨር በሚባለው አገልጋይ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ስክሪፕት፣ ማለት አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ከመረጃ ቋቱ እየቀዳ ገጹን በዚያችው ቅጽበት ይጽፈዋል። የሚያዩትን ቃላት ብቻ ሳይሆን በአንባቢው መሣሪያ ላይ የሚሠራ ሌላ ኮድም ጭምር ይጽፋል። ስለዚህ አንድ ስም ከጻፈው ሰው እጅ ተነሥቶ ከአንባቢው ዓይን እስኪደርስ ድረስ በብዙ ፕሮግራሞች እጅ ያልፋል። የዚህ ጥናት አሳብ በአጭሩ ሲነገር፣ ብልሽቱ የሚፈጠረው በፊደሉ ጠባይ ሳይሆን አንዱ ፕሮግራም ለሌላው በሚያስረክብበት ስፍራ ላይ፣ በሁለቱ መካከል ስምምነት ሲጠፋ ነው የሚል ነው።

፩ኛ/ ከኮምፒዩተር በፊት

ፊደላችን ከመሣሪያ ጋር የተገናኘው ዛሬ አይደለም። በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ በሮም ከተማ አሳተመ። ለማተሚያ ቤት የፊደል መብዛት የወጪና የድካም ጉዳይ እንጂ የማይቻል ነገር አልነበረም፤ ለያንዳንዱ ፊደል አንድ እርሳስ መቅረጽ ይበቃ ነበርና። ችግሩ የጠነከረው የጽሕፈት መኪና በመጣ ጊዜ ነው። የመኪናው ቁልፎች ቁጥራቸው የተወሰነ ስለሆነ፣ ኢንጂኔር አያና ብሩ የአማርኛውን መኪና ሲያዘጋጁ ፊደሉን ከፋፍለው፣ ዋናውን ቅርጽ በአንድ ቁልፍ፣ የካዕቡን የሣልሱን ምልክት በሌላ ቁልፍ እንዲመታ አደረጉ። ፊደል ይቀነስ፣ ይሻሻል የሚለው ክርክር በዚያው ክፍለ ዘመን ሲነሣ፣ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ለመኪና አለመመቸቱ ነበር። የሠራተኛው መልስ እንግዲህ አዲስ አይደለም፤ ከአባቶቻችን ዘመን የወረደ አቤቱታ ነው።

፪ኛ/ የ256 ስፍራዎች ዘመን

ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ አንድ ፊደል የሚቀመጠው ባይት በሚባለው አንድ መስፈሪያ ውስጥ ነበር። አንድ ባይት ደግሞ 256 ልዩ ልዩ ቁጥሮችን ብቻ ይይዛል። ከነዚህም የመጀመሪያዎቹ 128 ስፍራዎች ለእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ለአኀዝና ለመቆጣጠሪያ ትእዛዞች ተይዘዋል። የእኛ 33 የፊደል ቤቶች በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ የግዕዝ አኀዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ቁጥሩ ከ256 ያልፋል። ስለዚህ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሠሩ ባለሙያዎች አንድም ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፍለው አስቀመጡት፣ አንድም እንደ ጽሕፈት መኪናው ቅርጹን ቆራርጠው ገጣጠሙት።

ይህ ብልሃት በአንድ ቢሮ ውስጥ ጽፎ በወረቀት ለማውጣት በቂ ነበር። ሆኖም እያንዳንዱ አዘጋጅ ፊደሉን በየራሱ ቅደም ተከተል ስለደረደረው፣ በአንዱ ፎንት «ጫ» የሆነው ቁጥር በሌላው ፎንት ፍጹም ሌላ ፊደል ሆነ። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ጽሑፉ ነጥብና ጭረት የበዛበት የላቲን ፊደል ክምር መስሎ ይታያል። በየመሥሪያ ቤቱ ከዚያ ዘመን የቀሩ ፋይሎች ዛሬም አሉ። በየትኛው ፎንት እንደተጻፉ የሚያውቅ ሰው ካልተገኘ ማንበብ አድካሚ ነው፤ ስምምነቱ በፋይሉ ውስጥ ሳይሆን በጸሐፊው ራስ ውስጥ ብቻ ነበርና።

፫ኛ/ ሰርቨሩ አስተርጓሚ በሆነበት ጊዜ

ቲም በርነርስ ሊ የድረ ገጽን አሳብ በስዊስ ጠረፍ በሚገኘው የሰርን ምርምር ማዕከል ያቀረበው በ1989 ነው። በ1993 በአሜሪካ ኢሊኖይ የሚገኘው ብሔራዊ የሱፐርኮምፒዩተር ማዕከል ሰርቨር ጥያቄን ለስክሪፕት የሚያስተላልፍበትን «ሲጂአይ» የተባለ ደንብ አወጣ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ስክሪፕቱ በመጀመሪያ ስለሚልከው ነገር ዓይነት የሚናገር አርእስት ይጽፋል፣ ቀጥሎ አንድ ባዶ መስመር ይተዋል፣ ከዚያ በኋላ ጽሑፉን ያወጣል። በዚያን ጊዜ ለዚህ ሥራ በብዛት ያገለገለው ላሪ ዎል በ1987 ያወጣው ፐርል የተባለው ቋንቋ ነበር። በ1995 ራስመስ ለርዶርፍ ፒኤችፒን ለሕዝብ አቀረበ።

በአገራችን የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በ1997 ነው። ከዚያ በፊት በኢንተርኔት አማርኛን ለመጻፍና ለማንበብ የደከሙት በተለይ በባሕር ማዶ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ከነርሱም መካከል ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የተባለውን ሥርዓት በ1990ዎቹ አዘጋጁ። (ቃሉ በአማርኛ ሌላ ትርጉም ቢኖረውም፣ እዚህ ላይ የእንግሊዝኛ ቃላት ምሕጻር ነው።) ሴራ እያንዳንዱን የኢትዮጵያ ፊደል በተራ የላቲን ፊደላት የሚወክል ደንብ ሲሆን፣ የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል ለይቶ ይጠቀማል። ትንሹ «ሲ» ለቸ፣ ትልቁ «ሲ» ለጨ ያገለግላል።

ዳንኤል ያዕቆብ በፐርል ቋንቋ የጻፈው «ላይቭ ግዕዝ» የተባለው የስክሪፕት ስብስብ በዚህ ዓይነት ሥርዓት ላይ የቆመ ነው። ጽሑፉ በሰርቨሩ ላይ በአንድ መልክ ይቀመጣል፤ አንባቢው የትኛው ፎንት እንዳለው ሲያመለክት ስክሪፕቱ ጽሑፉን ለዚያ ፎንት በሚስማማ ቁጥር ለውጦ ገጹን ይጽፍለታል። አዘጋጆቹ ፎንቶቻቸውን ሊያስማሙ ባልቻሉበት ጊዜ ሰርቨሩ በመካከላቸው አስተርጓሚ ሆኖ ቆመ ማለት ነው። ይህ በጊዜው ትልቅ ሥራ እንደነበረ መመስከር ይገባል።

ነገር ግን አስተርጓሚ ሲበዛ የስሕተት በርም ይበዛል። ጫኖ በሴራ በአራት የላቲን ፊደላት ይጻፋል፤ የመጀመሪያው ትልቁ «ሲ» ነው። ፍለጋን ለማቅለል ሲል ሁሉንም ወደ ትንሽ ፊደል የሚለውጥ ስክሪፕት ቢገባበት፣ ለእንግሊዝኛ ምንም የማይጎዳው ይህ ልማድ ጫኖን ቻኖ ያደርገዋል። ስክሪፕቱ አልቆመም፤ የስሕተት መልእክትም አልጻፈም፤ አገሩ ግን ሌላ አገር ሆነ። እንደዚሁም በአንዱ ፎንት የመለወጫ ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ቁጥር ቢሳሳት፣ ብልሽቱ ያ ፎንት ላላቸው አንባቢዎች ብቻ ይታያል። አንዱ «ተበላሽቷል» ሲል ሌላው «እኔ ዘንድ ደኅና ነው» ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

፬ኛ/ አንድ ቁጥር ለአንድ ፊደል

የዚህ ሁሉ ችግር መፍትሔ የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ መዝገብ የሚያሰፍረው ዩኒኮድ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በመስከረም 1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ 345 ምልክቶችን ይዞ ገባ። የተሰጠውም ስፍራ ከ4608 እስከ 4991 ነው። አቀማመጡ የሀ ሁን ሥርዓት የተከተለ ነው፤ ሀ 4608 ነው፣ ለእያንዳንዱ ቤትም ስምንት ስፍራ ተመድቧል። ጫ 4907 ነው። ከዚህ ላይ 4608 ቢቀነስ 299 ይቀራል፤ ይህ ለስምንት ሲካፈል 37 ደርሶ 3 ይተርፋል። ቁጥሩ ከዜሮ ስለሚጀምር 3 ማለት ራብዕ ነው። ኖ ደግሞ 4758 ነው፤ በዚሁ ሒሳብ 6 ይተርፋል፣ ይኸውም ሳብዕ ነው። ጥቂት ልዩ ቤቶች ቢኖሩም፣ አንድ ስክሪፕት የአንድን ፊደል ቤትና ድምፅ በመቀነስና በማካፈል ብቻ ሊያውቅ ይችላል። ለኮምፒዩተር አይስማማም የተባለው ፊደል ከላቲኑ ይልቅ ለሒሳብ የተመቸ ሆኖ ይገኛል።

ከ256 የሚበልጥ ቁጥር በባይት ውስጥ እንዴት ይቀመጣል ለሚለው ጥያቄ መልሱ በ1992 ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ ያወጡት «ዩቲኤፍ 8» የተባለው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ጫ 225፣ 140፣ 171 ይሆናል፤ ኖ 225፣ 138፣ 150 ይሆናል። ስለዚህ ጫኖ ሁለት ፊደል ቢሆንም ስድስት ባይት ነው። ይህችን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ በርሷ ላይ የቆመ ነው።

፭ኛ/ የብልሽት ምልክቶችና ምንጮቻቸው

ዩኒኮድ ከወጣ በኋላም ብልሽቱ ወዲያው አልቆመም። መዝገቡ ስምምነትን አስገኘ እንጂ፣ በመንገዱ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች ሁሉ ስምምነቱን አላወቁትም ነበር። ቢሆንም ብልሽቱ ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ የለውም፤ ሐኪም ከሕመሙ ምልክት ተነሥቶ በሽታውን እንደሚለይ፣ ከሚታየው ምልክት ምንጩን ማወቅ ይቻላል።

በመጀመሪያ፣ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሣጥን ከታየ ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የጎደለው በአንባቢው መሣሪያ ላይ ያለው ፎንት ነው። ይህ ምልክት በብዛት የቀነሰው በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ከመጣ በኋላ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ያህል እንግዳ የላቲን ምልክቶች ከታዩ ባይቶቹ ሳይጎድሉ ደርሰዋል፤ የተሳሳተው አነባበባቸው ነው። በ1999 የወጣው የድር ግንኙነት ደንብ፣ አርእስቱ የፊደሉን ዓይነት ካልገለጸ ጽሑፉ የምዕራብ አውሮፓ ላቲን እንደሆነ ይቆጠር ይል ነበር፤ ይህ አንቀጽ የተሰረዘው በ2014 ነው። በአንዳንድ ሰርቨሮች ላይ ደግሞ አስተዳዳሪው ባያውቀውም «ላቲን ነው» የሚል አርእስት በሁሉም ገጽ ላይ ይለጠፋል። በገጹ ውስጥ ትክክለኛው ቢጻፍም እንኳ የሰርቨሩ አርእስት ይበልጣል። መድኃኒቱ አርእስቱን ማረም ብቻ ነው። ይህን ሳያውቅ ስክሪፕቱ ጽሑፉን እንደገና «እንዲለውጥ» ያዘዘ ሰው ግን እያንዳንዱን ባይት ሁለት ያደርገዋል፤ የጫኖ ስድስት ባይት አሥራ ሁለት ይሆናል። ብዙ ጊዜ ጥገናው ራሱ ሁለተኛ ብልሽት የሚሆነው እንዲህ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ጽሑፉ በመጨረሻው ላይ ብቻ ከተበላሸ፣ ወይም ገጹ አንዳች ሳያሳይ ከቀረ፣ ስክሪፕቱ ፊደልን ሳይሆን ባይትን ቆጥሮ ቆርጦታል። የፒኤችፒ ተራው መቁረጫ ትእዛዝ የሚቆጥረው ባይትን ነው። ጫኖን በአራተኛው ባይት ላይ ቢቆርጠው፣ ጫ ሙሉ ሆኖ ከኖ ሲሶው ብቻ ይቀራል። ስክሪፕቱ ይህን ቁራጭ ለአንባቢው መሣሪያ በሚጽፈው ኮድ ውስጥ ሊያስገባው ሲሞክር፣ ጥንቁቅ የሆነው ኮድ አዘጋጅ ትእዛዝ ጐደሎውን ፊደል አልቀበልም ብሎ ባዶ ይመልሳል። ተማሪው ስሕተቱን በተጻፈው ኮድ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል፤ ጥፋቱ ግን ከዚያ አንድ እርምጃ ቀድሞ ተፈጽሟል።

በአራተኛ ደረጃ፣ ስክሪፕት ሌላ ኮድ ሲጽፍ የእኛን ፊደል ወደ ኋላ በተጋደመ ጭረት፣ በ«ዩ» ፊደልና በቁጥር የመጻፍ ልማድ አለው። ይህ ትክክለኛ አጻጻፍ ነው፤ መሣሪያው መልሶ ይተረጕመዋል። ነገር ግን ጥቅስና ጭረትን ለማጽዳት የተጨመረ አሮጌ ትእዛዝ ጭረቷን ከነጠቃት፣ በገጹ ላይ የሚወጣው «ዩ» እና ቁጥር ብቻ ነው። ፒኤችፒ ፊደሉን እንዳለ መጻፍን የፈቀደው በ2012 በወጣው 5.4 እትሙ ነው።

በአምስተኛ ደረጃ፣ የጥያቄ ምልክት ከታየ ነገሩ ከሁሉ የከፋ ነው። ይህ ማለት አንድ ፕሮግራም ፊደሉን በማያውቀው ሠንጠረዥ ውስጥ እንዲያስቀምጥ ታዝዞ፣ ስፍራ ስላጣለት ጥሎት በምትኩ 63 የሚለውን የጥያቄ ምልክት ቁጥር አስቀምጧል። ሣጥኑና እንግዳው ምልክት ይመለሳሉ፤ የጥያቄ ምልክት ግን አይመለስም፤ ጫኖም፣ ሌላም ባለ ሁለት ፊደል አገር ሁሉ አንድ ዓይነት ሁለት ምልክት ሆነዋልና።

እዚህ ላይ በመግቢያው ወዳነሣሁት ዝርዝር እመለሳለሁ። በዚያ የታዩት ምልክቶች ስድስት ሳይሆኑ ሁለት ነበሩ። ስለዚህ ስሙ እስከ አንድ ስፍራ ድረስ እንደ ሁለት ፊደል በደኅና ተጉዟል፤ የጠፋው ከዚያ ወዲያ ሲረከብ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በመረጃ ቋቱ ዓምድ ላይ ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው በሰፊው የሚሠራበት የመረጃ ቋት፣ በ2018 ስምንተኛው እትሙ እስኪወጣ ድረስ፣ አስተዳዳሪው ሌላ ካላዘዘ በስተቀር ዓምዱን ለላቲን ፊደል ብቻ ያዘጋጅ ነበር። እንዲህ ከሆነ ፎንት መቀየርም፣ ስክሪፕቱን ደጋግሞ ማረምም ዋጋ የለውም። ዓምዱን ማስተካከልና ስሞቹን ከወረቀቱ መዝገብ እንደገና ማስገባት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ከተጣለ ደግሞ ስሙ ጠፍቷል።

፮ኛ/ ከአማርኛ የተረፉት ፊደላት

ስሕተቱ ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው ብለን እንዳንመጻደቅ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። የጋሞ ቋንቋ በአማርኛ የማይገኙ ድምፆች አሉት። ቋንቋውን በግዕዝ ፊደል ለሚጽፉት ሰዎች የሚያስፈልጉት ተጨማሪ ፊደላት በ2010 በወጣው ስድስተኛው የዩኒኮድ እትም፣ ከባስኬቶና ከጉሙዝ ፊደላት ጋር፣ 32 ሆነው ተመዝግበዋል። ስፍራቸው ግን ከቀድሞዎቹ እጅግ የራቀ ነው፤ ከ43776 እስከ 43823 ነው።

እንግዲህ አንድ የአገራችን ልጅ «ስም በኢትዮጵያ ፊደል ብቻ ይሞላ» የሚል ስክሪፕት ሲጽፍ፣ ከ4608 እስከ 4991 ያለውን ብቻ ይቀበል ብሎ ቢያዝ፣ አማርኛው ሁሉ ያልፋል፤ በእነዚህ ፊደላት የተጻፈ የጋሞ ስም ግን «ይህ የኢትዮጵያ ፊደል አይደለም» ተብሎ ይመለሳል። የውጭ አገር ሰዎች የእኛን ፊደል ባለማወቃቸው የደረሰብንን፣ እኛም ባለማወቅ በወንድሞቻችን ላይ እናደርሳለን ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደተመለከትነው፣ በጽሕፈት መኪናው ዘመን ችግሩ የቁልፍ ማነስ ነበር፤ በ256ቱ ስፍራ ዘመን የስምምነት አለመኖር ነበር፤ ከ1999 ወዲህ ደግሞ ስምምነቱን አለመጠበቅ ነው። በሦስቱም ዘመን ክሱ የቀረበው በፊደሉ ላይ ነው፤ በሦስቱም ግን ፊደሉ ተከሳሽ ሊሆን አይገባውም ነበር።

ስክሪፕት የሚጽፉ ጓደኞቼን በተግባር የምመክራቸው አጭር ነው። ገጹ ሲበላሽ በመጀመሪያ የሚታየውን አትንኩ። አንድ የታወቀ ስም ምረጡ፤ ጫኖ ይበቃል። በያንዳንዱ መረካከቢያ ላይ፣ ማለት ከቅጹ፣ ከስክሪፕቱ፣ ከመረጃ ቋቱ፣ ከተጻፈው ኮድ፣ ከሰርቨሩ አርእስት ላይ ባይቶቹን በቁጥር አስወጥታችሁ ቁጠሩ። ስድስቱ ቁጥሮች 225፣ 140፣ 171፣ 225፣ 138፣ 150 ሆነው የተገኙበት ስፍራ ሁሉ ጤነኛ ነው፤ በመጀመሪያ የተለወጡበት ስፍራ የብልሽቱ ምንጭ ነው። ቀጥሎም ከጋሞ ተጨማሪ ፊደላት አንዱን ጨምራችሁ ያንኑ መንገድ እንደገና ፈትኑ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ጭቃውን ከታች እያጠለሉ መዋል ምንጩን አያጠራም።

ለመሥሪያ ቤቶች ደግሞ አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ሰው ስሙን ወይም የአገሩን ስም በሌላ ፊደል እንዲሞላ ከመንገራቸው በፊት፣ የመረጃ ቋታቸው ዓምድ ለየትኛው ፊደል እንደተዘጋጀ ባለሙያ ያስመርምሩ። ይህ ምርመራ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ያ እስኪሆን ድረስም የወረቀቱን መዝገብ እንዳይጥሉ አደራ እላለሁ።